በሾቺሚልኮ ቦዮች መካከል ስላለው እርሻና ስለ እንግዶቹ ማዕድ

ከሜክሲኮ ከተማ መካከል በስተደቡብ፥ ሾቺሚልኮ በሚባለው ወረዳ፥ ገበሬው ወደ እርሻው የሚሄደው በታንኳ ነው። አገሬዎቹ ስፔኞች ከመምጣታቸው አስቀድሞ፥ ጥልቀት በሌለው ሐይቅ ላይ ጭቃና የውሃ ሣር እየደራረቡ ጠባብና ረጅም መደብ አበጁ፤ ስሙም ቺናምፓ ይባላል። አፈሩን ሥሩ እንዲይዘው በዳሩ የአኻያ ዛፍ ተከሉበት። ብዙ ሰው ተንሳፋፊ አትክልት ይለዋል፤ ነገር ግን መደቡ ከሐይቁ ወለል ጀምሮ የተሠራ ስለ ሆነ አይንሳፈፍም።

ዛሬ መንገድ መሪዎች እንግዶችን በታንኳ ከእርሻ ወደ እርሻ ያዞራሉ። ገበሬው ከቦዩ ግርጌ ለም ጭቃ አውጥቶ ያነጥፋል፤ ጥቂት ሲጠነክር በአራት ማዕዘን ይቆራርጠውና በያንዳንዱ ላይ ዘር ይጥላል። ቡቃያውም ከነጭቃው ተነሥቶ ስለሚተከል ሥሩ አይጐዳም፤ የመስኖ ቦይ ያለበት አውራጃ ሹም ከሁሉ ይልቅ ይህን ልብ ይበል። እንግዳው ከመደቡ የተቈረጠውን ሰላጣ ይቀምሳል፤ በገበያውም ትላኮዮ የተባለውን፥ ባቄላ በመካከሉ የገባበትን የበቆሎ ቂጣ ይበላል።

የአገሩ ምንጮች በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ለከተማው መጠጥ ስለ ተወሰዱ ቦዮቹ ጐደሉ፤ ኋላም የተጣራ የከተማ ፍሳሽ ይለቀቅባቸው ጀመር። በ1987 እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ስፍራው በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ መመዝገቡ ግን ውሃውን አልመለሰውም። ብዙ መደብ ጦም አድሯል፤ አንዳንዱም የእግር ኳስ መጫወቻ ሆኗል። በጌጠኛ ጀልባ ለዘፈንና ለመጠጥ ብቻ የሚመጣው እንግዳ ለገበሬው የሚተርፈው ነገር ጥቂት ነው፤ ምሳውን ከመደቡ የሚገዛው ግን ገበሬው ዳግመኛ ጭቃውን የሚያወጣበትን ዋጋ ይከፍለዋል።