ሰዓት የሚሻሻለው ብስክሌቱ ላይ ነው

ከአዳማ ተነስቶ የአዋሽን ወንዝ ተሻግሮ፣ በዴራና በኢተያ አልፎ አሰላ የሚገባው መንገድ 75 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል። አንድ ብስክሌተኛ አሰላ ደርሶ ቢመለስና ሌላ 30 ኪሎ ሜትር ቢጨምርበት፣ የረጅም ርቀት ትራያትሎን የሚጠይቀውን 180 ኪሎ ሜትር ፈጸመ ማለት ነው። ከዚያ በፊት ግን 3.8 ኪሎ ሜትር መዋኘት አለበት፤ ከዚያ በኋላም ሙሉ ማራቶን ይጠብቀዋል። እ.ኤ.አ. በ1978 ሃዋይ ላይ በ15 ሰዎች የተጀመረው ይህ ውድድር ዛሬ በብዙ አገሮች ይካሄዳል፤ አብዛኞቹ ተወዳዳሪዎችም የሚፎካከሩት ከአሸናፊው ጋር ሳይሆን ከራሳቸው የቀድሞ ሰዓት ጋር ነው። በእኛ አገር ስፖርቱ ገና እንግዳ ነው። ይሁንና ኃይሌ ገብረሥላሴን ያፈራችው አሰላም፣ ደራርቱ ቱሉንና ቀነኒሳ በቀለን ያፈራችው በቆጂም ለአዳማ ቅርብ ስለሆኑ፣ ስለ ውድድሩ የሰማ ሰው ሁሉ «እኛ ሯጮች ነን፤ በሩጫው እንበልጣለን» ማለቱ አይቀርም። እኔ በዚህ አልስማማም። ከስምጥ ሸለቆ ከተሞች የሚነሳ ተወዳዳሪ የራሱን ምርጥ ሰዓት ማሻሻል ከፈለገ፣ አብዛኛውን የልምምድ ጊዜውን ለብስክሌት መስጠት አለበት።

ሒሳቡን እንየው። ኖርዌያዊው ክርስቲያን ብሉመንፌልት እ.ኤ.አ. በ2021 ሜክሲኮ፣ ኮዙሜል ላይ ውድድሩን የጨረሰው በ7 ሰዓት ከ21 ደቂቃ ከ12 ሰከንድ ነበር። ዋናው 40 ደቂቃ እንኳ አልሞላም፤ ብስክሌቱ 4 ሰዓት ከ2 ደቂቃ፣ ማራቶኑ ደግሞ 2 ሰዓት ከ35 ደቂቃ ወስዷል። ከጠቅላላው ጊዜ ከግማሽ በላዩ ያለፈው ኮርቻ ላይ ነው ማለት ነው። አሁን ቀነኒሳ እ.ኤ.አ. በ2019 በርሊን ላይ የሮጠውን 2 ሰዓት ከ1 ደቂቃ ከ41 ሰከንድ፣ ከብስክሌት ወርዶ ያለ ምንም ድካም ይደግመዋል ብለን እናስብ። ይህ ሊሆን አይችልም፤ ግን ለክርክሩ ያህል ይሁን። በሩጫው ከብሉመንፌልት 34 ደቂቃ ያህል ያተርፋል። ነገር ግን 180 ኪሎ ሜትሩን በሰዓት 35 ኪሎ ሜትር ቢጋልብ፣ ይህም ለትርፍ ጊዜ ብስክሌተኛ የሚያስመሰግን ፍጥነት ነው፣ ማራቶኑን ገና ሳይጀምር ከአንድ ሰዓት በላይ ወደ ኋላ ቀርቷል። በዓለም ላይ ካሉት ምርጥ እግሮች አንዱ እንኳ ይህን ክፍተት በሩጫ አይሞላውም።

ታዲያ ብስክሌቱን በሙሉ ጉልበት መንዳት ነው መፍትሔው? አይደለም፤ ብዙዎች የሚሳሳቱትም እዚህ ላይ ነው። በሜዳማ መንገድ ላይ የብስክሌተኛው ዋና ጠላት አየር ነው፤ አየሩን ለመስበር የሚያስፈልገው ኃይል ደግሞ ከፍጥነቱ በእጅጉ ቀድሞ ይጨምራል። ከ30 ወደ 33 ኪሎ ሜትር በሰዓት ከፍ ለማለት፣ ማለትም ፍጥነቱን በ10 በመቶ ለመጨመር፣ ለአየሩ ብቻ የሚወጣው ኃይል በሲሶ ያህል ይጨምራል። ትርፉ በ180 ኪሎ ሜትር 33 ደቂቃ ነው። ዕዳው የሚከፈለው በሩጫው ነው፤ ጉልበት በተጨመረ ቁጥር ሰውነት በጡንቻና በጉበት ያከማቸውን ስኳር ቶሎ ይጨርሳል። ኪሎ ሜትሩን በ5 ደቂቃ ሊሮጥ የነበረ ሰው እግሩ ዝሎ በ6 ደቂቃ ተኩል ቢጎተት ማራቶኑ ላይ 63 ደቂቃ ያጣል። የእኛው ሯጮች ይህን ቁጠባ አሳምረው ያውቁታል። ትዕግስት አሰፋ እ.ኤ.አ. በ2023 በርሊን ላይ በ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ የዓለም ክብረ ወሰን ስትሰብር የመጀመሪያውን ግማሽ በ66፡20፣ ሁለተኛውን በ65፡33 ነበር የሮጠችው። ቀነኒሳም በዚያ በ2019ኙ ውድድር ሁለተኛው ግማሽ ከመጀመሪያው 29 ሰከንድ ፈጥኖለታል። ከሯጮቻችን መውረስ የሚገባን ከፍጥነታቸው ይልቅ ይህን ልጓም ነው።

«አዳማ ለብስክሌት አይመችም» የሚል ተቃውሞ ይነሳል፤ ነገሩም መሠረት አለው። ከከተማዋ ዳር የተተከሉት ሁለት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች በድምሩ 204 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያላቸው ነፋሱ ብርቱ ስለሆነ ነው። ሲሄዱ የሚቃወም ነፋስ ሲመለሱ ቢገፋም ሒሳቡ አይካካስም፤ 90ውን ኪሎ ሜትር በ24፣ የቀረውን 90 በ36 የነዳ ሰው፣ ሙሉውን በ30 ከነዳው 15 ደቂቃ ዘግይቶ ይገባል። ስለዚህ በነፋስ ቀን የተመዘገበን ሰዓት ከጸጥታው ቀን ጋር ማወዳደር ያሳስታል፤ ኃይሌም፣ ቀነኒሳም፣ ትዕግስትም ለፈጣን ሰዓት ሜዳማዋንና ቀዝቃዛዋን በርሊን የመረጡት በከንቱ አይደለም። ከነፋሱ የሚከብደው ግን የመንገዱ ጉዳይ ነው። ፈጣን መንገዱ ለብስክሌት ዝግ ነው፤ ወደ አዋሽ ከተማ የሚወስደው ደግሞ የጅቡቲ ከባድ ተሽከርካሪዎች የሚተሙበት ስለሆነ ማንንም ወደዚያ ውጣ አልልም። የአሰላው መንገድ በማለዳ ይሻላል፤ ያም ቢሆን የራስ ቁርና ጥንቃቄ ይጠይቃል። ስለ ብስክሌት ዋጋ ለሚነሳው ቅሬታ ደግሞ አንድ የሚያጽናና ሐቅ አለ፤ አብዛኛውን አየር የሚገፋው የነጂው አካል እንጂ ብስክሌቱ አይደለም። መሪውን ዝቅ ማድረግ፣ ክርንን መሰብሰብና ጠበቅ ያለ ልብስ መልበስ ውድ ጎማ ከመግዛት ይቀድማል።

ስለ ዋናው ብዙ አልልም፤ ከጠቅላላው ጊዜ አንድ አሥረኛ ገደማ ነው። የሶደሬ ገንዳ ለልምምድ ቅርብ ነው፤ ላንጋኖም ከቢልሃርዝያ ነጻ መሆኑ ስለሚነገርለት ከዝዋይ ይመረጣል። ምግቡ የበለጠ ያሳስበኛል። በስምጥ ሸለቆ ሙቀት ለሰዓታት የሚጋልብ ሰው ውሃና ጨው ያጣል፤ በሰዓትም ከ60 እስከ 90 ግራም ካርቦሃይድሬት ያስፈልገዋል። በማር የተበጠበጠ በሶ ለብዙዎቻችን የታወቀ ስንቅ ነው፤ ገብሱ አሰር ስላለው ግን ሆድ እንዲለምደው በልምምድ ጊዜ መሞከር አለበት።

ለውጡን ለመለካትም ያው የአሰላ መንገድ ይበቃል። አዳማ ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አሰላ 2,400 ሜትርን ታልፋለች። ተወዳዳሪው በወር አንድ ጊዜ፣ ነፋስ ሳይነሳ በማለዳ፣ የልብ ምቱን ከወሰነው ልክ ሳያሳልፍ ዳገቱን ይውጣ፤ ተመልሶም ወዲያው 5 ኪሎ ሜትር ይሩጥ። በዚያው የልብ ምት አሰላ የሚደርስበት ጊዜ እያጠረ፣ የአምስት ኪሎ ሜትሩም ሰዓት ሳይበላሽ ከቀጠለ፣ የውድድሩ ቀን ሰዓት ከወዲሁ እየተሠራ ነው።