ሽንት ሲያቃጥል፦ ከሀዋሳ ፋርማሲ እስከ ቻይና ማሰሮ

ሀዋሳ ውስጥ አንዲት ወጣት ሽንቷ ሲያቃጥላት መጀመሪያ የምትነግረው ለሐኪም አይደለም፤ አብራት ለምታድር ጓደኛዋ ነው። መልሱም አብዛኛውን ጊዜ የታወቀ ነው፦ «ብርድ መቶሽ ነው»። ሲሚንቶ ላይ ተቀምጠሽ ይሆናል፣ ያልደረቀ ልብስ ለብሰሽ ይሆናል። ከዚያ የገብስ ውሃ ይፈላል፣ ተልባ ይበጠበጣል። ሁለት ሦስት ቀን ታይቶ ካልተሻላት ወደ ፋርማሲ ትሄዳለች። ወረፋው ላይ ወንዶች ስላሉ የሕመሟን ስም ሳትጠራ «ለሽንት የሚሆን» ትላለች። አንቲባዮቲክ ያለ ሐኪም ማዘዣ መሸጥ ክልክል ቢሆንም የሚሰጣት አይጠፋም። ስሜቱ ቀለል ሲልላት የቀረውን ፍሬ ለሌላ ጊዜ ታስቀምጣለች፤ ወይም ያው ሕመም ለያዛት ጓደኛዋ ታካፍላለች።

የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን የየትም አገር ሴቶች ሕመም ነው። የሴቷ የሽንት መውጫ አራት ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ በመሆኑ፣ ሰገራ ውስጥ የሚኖረው ኢ. ኮላይ የተባለ ባክቴሪያ ወደ ፊኛ ለመድረስ ብዙ መንገድ የለበትም። ከሴቶች ግማሽ ያህሉ በሕይወት ዘመናቸው ቢያንስ አንድ ጊዜ ይታመሙበታል። ሀዋሳ ግን ይህን ሕመም የሚያከብድ የራሷ ነገር አላት። በሐምሌ 2008 ዓ.ም. የተመረቀው፣ በቻይናው ሲቪል ኢንጂነሪንግ ኮንስትራክሽን ኮርፖሬሽን የተገነባው የኢንዱስትሪ ፓርክ ከሲዳማና ከአካባቢው ገጠር ብዙ ሺህ ወጣት ሴቶችን ወደ ከተማዋ ስቧል። የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ የስተርን ትምህርት ቤት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጡት ዘገባ መሠረት የሠራተኞቹ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ነበር። በዚህ ገቢ የቤት ኪራይ ተከፍሎ ለምርመራ ምን ያህል እንደሚተርፍ ለአንባቢ እተወዋለሁ።

ፓርኩን የሠራችው አገር ለዚሁ ሕመም የራሷ የቆየ ሕክምና አላት። የቻይና ሐኪሞች የሽንት ማቃጠልን፣ መቆራረጥንና ደም መቀላቀልን «ሊን» በሚሉት አንድ የሕመም ወገን መድበው መጻፍ ከጀመሩ 1,800 ዓመት ገደማ ሆኗቸዋል። የሚገርመው የእነሱ ማብራሪያ የእኛን መገልበጡ ነው። እኛ ብርድ ያልነውን እነሱ ከወገብ በታች የተጠራቀመ ሙቀትና እርጥበት ይሉታል። ስለዚህ የሚያቀዘቅዝና የሚያሸና ዕፅ ያዝዛሉ። ዝነኛው ቀመር «ባ ጀንግ ሳን» ይባላል፤ በሶንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን፣ ከ900 ዓመት በፊት፣ መንግሥት ራሱ ባዘጋጀው የመድኃኒት መጽሐፍ ውስጥ ተመዝግቧል። ከሚገቡበት ነገሮች አንዱ እኛ ጎርጠብ ብለን ቁስል ላይ የምናደርገው ቅጠል የቅርብ ዘመድ ፍሬ ነው። ሕመሙ እየተመላለሰ ያስቸገራትን ሴት ደግሞ «ኩላሊቷ ደክሟል» ብለው የሚያጠነክር ዕፅ ይጨምሩላታል። አንድ ዓይነት ባክቴሪያ የያዛቸው ሁለት ሴቶች ሁለት የተለያየ ማሰሮ ሊጣድላቸው ይችላል ማለት ነው።

ይሠራል ወይ? እ.ኤ.አ. በ2015 ኮክሬን የተባለው የሕክምና ማስረጃ መዛኝ ተቋም በሚመላለስ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ላይ የተደረጉ የቻይና ዕፅ ሙከራዎችን መርምሮ ነበር። ለመመዘን የበቁት ሰባት ጥናቶች ብቻ ሲሆኑ የተሳተፉት ሴቶች ጠቅላላ ቁጥር 282 ነበር። ዕፁ ብቻውንም ሆነ ከአንቲባዮቲክ ጋር ሲሰጥ የሚጠቅም ይመስላል፤ ጥናቶቹ ግን ትንንሽና አሠራራቸው ደካማ ስለነበር ገምጋሚዎቹ እርግጠኛ ነገር መናገር አልፈለጉም። እኔም ከዚህ በላይ የሚል ሻጭ ቢያጋጥመኝ አላምነውም።

የቀመሩ ታሪክ ግን አንድ መጥፎ ምዕራፍ አለው። ባ ጀንግ ሳን ውስጥ «ሙ ቶንግ» የሚባል ሐረግ ይገባል። በጊዜ ብዛት ገበያው ላይ በዚህ ስም የሚሸጠው የመጀመሪያው ሐረግ መሆኑ ቀርቶ፣ አሪስቶሎኪክ አሲድ ያለበት ሌላ ተክል ሆነ። ይህ አሲድ ኩላሊትን ያደርቃል፤ በሽንት ቧንቧ ላይም ካንሰር ያመጣል። ዓለም ይህን በሚገባ የተረዳው ከቻይና ሳይሆን ከቤልጂየም ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ብራስልስ ውስጥ ለመክሳት የቻይና ዕፅ የወሰዱ ከ100 በላይ ሴቶች ኩላሊታቸው ተጎዳ፤ እዚያም ጥፋቱ የመጣው አንድ ዕፅ በሌላ በመተካቱ ነበር። ቻይና መርዘኛውን ሙ ቶንግ ከመድኃኒትነት የሰረዘችው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። ለሽንት ሕመም የተቀመመ መጠጥ የሽንትን መንገድ የሚያበላሽ ተክል ለዓመታት ተሸክሞ ኖሯል። ብዙ ሰው «ዕፅ ነው፣ ምን ይጎዳል» ሲል እሰማለሁ፤ ኮሶ የጠጡ አያቶቻችን እንኳ እንዲህ አይሉም ነበር፤ መጠኑ ካለፈ ኮሶም እንደሚጥል ያውቃሉና።

እንዲህ ሲባል የቻይና ዕፅ ሀዋሳ አልደረሰም ማለት አይደለም። በየጤና ጣቢያው አለ። በከተማዋ ወባ የያዘው ሰው የሚሰጠው ኮአርቴም ግማሽ ጎኑ የተገኘው ከቻይና ጭቁኝ መሰል ተክል ነው። ቱ ዮዮ የተባሉት ተመራማሪ በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተጻፈ መድኃኒት መጽሐፍ አንብበው፣ ተክሉ መፍላት እንደሌለበት ከዚያ ገምተው፣ አርቴሚሲኒንን ለይተው አወጡ፤ እ.ኤ.አ. በ2015 ኖቤል ተሸለሙበት። ኢትዮጵያ በአርቴሚሲኒን ላይ የተመሠረተውን ሕክምና የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። እኛም ዶክተር አክሊሉ ለማን አፍርተናል፤ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ዳር የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አይተው፣ እንዶድ ቢልሃርዚያ አስተላላፊውን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ያረጋገጡት እሳቸው ናቸው። የገብስ ውሃን ግን እንዲህ የመዘነልን የለም። በውጭ የተሠራ አንድ ጥናት ፍንጭ ይሰጣል፦ ሕመሙ የሚመላለስባቸው፣ ውሃ የማያዘወትሩ 140 ሴቶች ነበሩ፤ ግማሾቹ በቀን 1.5 ሊትር ጨምረው ሲጠጡ በዓመት ውስጥ በአማካይ 1.7 ጊዜ ታመሙ፤ እንደ ቀድሞው የቀጠሉት 3.2 ጊዜ። ምናልባት እናቶቻችን ያፈሉት ገብስ የሚረዳው በገብሱ ሳይሆን በውሃው ይሆናል። ከማሽኗ ላለመነሳት ውሃ ሳትጠጣ የምትውል ሠራተኛ ደግሞ ሁለቱንም አታገኝም።

ብርድ ባዩም፣ ሙቀት ባዩም፣ ፋርማሲስቱም የሚጋሩት ጉድለት አለ፦ ሦስቱም የሚያክሙት የተነገራቸውን ስሜት ነው። በሀዋሳ ሪፈራል ሆስፒታል የእርግዝና ክትትል ያደርጉ የነበሩ 244 ሴቶች ሽንታቸው ባክቴሪያን አሳድጎ በሚለየው ካልቸር በተባለ ምርመራ ተመርምሮ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2014 ታትሟል። 46ቱ፣ ማለትም ከአምስቱ አንዷ ገደማ፣ ባክቴሪያ ተገኝቶባቸዋል። አንዳቸውም ግን ሽንቴ አቃጠለኝ አላሉም። ሳይታከም ከቀረ ይህ ዓይነቱ ኢንፌክሽን በእርግዝና ወቅት ወደ ኩላሊት ሊወጣ፣ ያለ ጊዜው መውለድንም ሊያስከትል ይችላል። ለእነዚህ ሴቶች ማንም ገብስ አያፈላላቸውም፤ የልብ ትርታ የሚዳስስ የቻይና ሐኪምም የሚጠይቃቸው ሕመም የለም።

ሕመሙ ለሚሰማትም ቢሆን የትኛው መድኃኒት እንደሚሠራላት የሚናገረው ካልቸር ነው። ብዙዎቹ የሽንት ባክቴሪያዎች ለአምፒሲሊንና ለኮትሪሞክሳዞል እምቢ ማለታቸውን በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች የተሠሩ ጥናቶች ደጋግመው አሳይተዋል። በጤና ጣቢያ የተለመደው ምርመራ ግን በስትሪፕና በማይክሮስኮፕ የሚታየው ነው፤ ኢንፌክሽን መኖሩን ይጠቁማል፣ የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለው አይናገርም። ካልቸር የምትፈልግ ሴት ሆስፒታል ትሄዳለች፤ ባክቴሪያው እስኪያድግና መድኃኒት እስኪሞከርበት ሁለት ሦስት ቀን ይወስዳል። የፈረቃ ሠራተኛ ከሆነች ሁለት ጊዜ ፈቃድ መጠየቅ አለባት፤ አንዴ ሽንቷን ለመስጠት፣ አንዴ ውጤቷን ለመቀበል።