አዲሱ በአሮጌው ላይ ሲጫን

የመመረቂያ ሥራችንን በመምህራን ፊት ልናቀርብ ሦስት ቀን ሲቀረን፥ እኔና ሦስት ጓደኞቼ ስንደክምበት የከረምነው ፕሮግራም በአንድ ምሽት አልሠራም አለ። ቀን ሲሠራ የዋለ ፕሮግራም ነው። ከመካከላችን ስለ እንዲህ ያለው ነገር ዐውቃለሁ ባይ እኔ ነበርሁና፥ በኮምፒዩተሩ መስተዋት ላይ የተደረደረውን የስሕተት መልእክት ጥቂት ተመልክቼ ፍርድ ሰጠሁ። «ጥፋቱ ከእኛ አይደለም፤ የቋንቋው መደበኛ ላይብረሪ ራሱ እንከን አለበት» አልሁ። ይግባኝ ያለ አልነበረም። ፍርዱ ሐሰት እንደ ነበረ የተረዳሁት ከአንድ ዓመት በኋላ ሲሆን፥ እስከዚያው ድረስ ግን በእርሱ የተጎዳ ሰው ነበር።

ነገሩን ከሥሩ ለመያዝ ያህል፥ ፕሮግራሙን የጻፍንበት ቋንቋ ጎ ይባላል። ሮበርት ግሪሰመር፥ ሮብ ፓይክና ኬን ቶምፕሰን በጉግል ኩባንያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2007 ጀመሩት፤ በ2009 ለሕዝብ ተገለጸ፤ አንደኛው ዕትም በ2012 ወጣ። ሰው የጻፈውን ፕሮግራም ተርጉሞ ለኮምፒዩተሩ የሚያስረዳው መሣሪያ ኮምፓይለር ይባላል። ከኮምፓይለሩም ጋር፥ ጽሑፍ ለማተም፥ ፋይል ለመክፈት፥ ሰዓት ለመቁጠር፥ ከሌላ ኮምፒዩተር ጋር ለመነጋገር ተብሎ አስቀድሞ የተዘጋጀ ብዙ ሥራ አብሮ ይመጣል። መደበኛ ላይብረሪ የሚባለው ይህ ነው። በጎ ዘንድ ይህ ላይብረሪ የሚመጣው ሰው ሊያነበው በሚችል ጽሑፍ ስለ ሆነ፥ ኮምፓይለሩ በውስጡ የማይስማማ ነገር ሲያገኝ የፋይሉን ስምና የመሥመሩን ቁጥር ጠቅሶ ይከስሳል። የሚያሳስተውም ይኸው ነው። ተማሪው የክሱን ወረቀት ያነብባል፤ በውስጡ የራሱ ፋይል አልተጠራም፤ የተጠራው የታላላቆቹ ሊቃውንት ፋይል ነው። «እንግዲህ እኔ ነፃ ነኝ» ይላል። ፋይሉን የጻፉት ሊቃውንቱ ይሁኑ እንጂ፥ በዚያ ኮምፒዩተር ላይ ያስቀመጠው እጅ የማን እንደ ሆነ ግን አይጠይቅም።

በሊኑክስ ላይ የጎ ቋንቋን መጫን እጅግ ቀላል ነው፤ ቀላልነቱም መዘዝ አለው። አንድ የታሸገ ፋይል ይወርዳል፤ ያም «ዩዘር» በሚባለው ውስጥ፥ «ሎካል» በተባለው ስፍራ ይፈታል፤ «ጎ» የሚል ፎልደር ይፈጠራል፤ በቃ። አዲስ ዕትም በየስድስት ወሩ ይወጣል። አዲሱ ሲመጣ ታዲያ ብዙ ሰው የሚያደርገው ምንድን ነው? የታሸገውን አምጥቶ በዚያው ፎልደር ላይ መፍታት ነው። አዲሱ ፋይል ተመሳሳይ ስም ያለውን አሮጌ ፋይል ይተካዋል። ነገር ግን በአዲሱ ዕትም ውስጥ የተሰረዘ ፋይል ቢኖር የሚተካው ስለሌለ ከነሕይወቱ እዚያው ተቀምጦ ይቀራል።

መንግሥት መሥሪያ ቤት የገባ አንባቢ ይህን በቀላሉ ይረዳዋል። አንድ ክፍል በሥራ ላይ ያሉትን መመሪያዎች በአንድ ማኅደር ይይዛል እንበል። ዘንድሮ አዲስ የመመሪያ ጥራዝ መጣና ጸሐፊው ቁጥር እያየ አሮጌውን እያነሣ አዲሱን ተካ። የተሻረው መመሪያ ግን በአዲሱ ጥራዝ ውስጥ ቁጥር የለውምና ማንም አላነሣውም። በማግሥቱ ማኅደሩን የገለጠ ሹም ሁለት የሚጣረሱ ትእዛዞች ያገኛል። ጎ ደግሞ ከዚህ ሹም ይብሳል፤ በአንድ ፎልደር ውስጥ የሚገኙትን የጎ ፋይሎች ሁሉ እንደ አንድ ክፍል አድርጎ ይወስዳቸዋልና፥ «ይህኛው ተሽሯል፤ ያኛው ጸንቷል» ብሎ የሚለይበት ዝርዝር የለውም። እዚያ የተገኘ ሁሉ ሕግ ነው።

የዚህ ስሕተት ዝነኛ ምሳሌ የታየው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። ፕሮግራሙ ተጠቅሞ የተወውን የማስታወሻ ቦታ እየዞረ የሚያጸዳ አንድ ክፍል በጎ ውስጥ አለ፤ ቆሻሻ ሰብሳቢ ይሉታል። በዚያው ዓመት መጀመሪያ የወጣው 1.8ኛው ዕትም የጽዳቱን ዘዴ ስላሻሻለው፥ ለቀድሞው ዘዴ የሚያገለግለው «ኤምስትክባር» የተባለ ፋይል ሥራ ፈታ። ስለዚህ በነሐሴ የወጣው 1.9ኛው ዕትም ፋይሉን አስወገደው፤ እርሱ ይጠቀምበት የነበረውን መቆጣጠሪያም አብሮ ሰረዘ። አዲሱን በአሮጌው ላይ የፈታ ሰው ግን ፋይሉ በእጁ ቀርቷል። ኮምፓይለሩም ይህን ፋይል ሲያነብ የተሰረዘውን መቆጣጠሪያ ይጠራል፤ ጠርቶም ያጣዋል፤ «እንዲህ የሚባል ነገር የለም» ብሎ ይቆማል። ፋይሉ የነበረው «ራንታይም» በተባለው ክፍል ውስጥ ነው፤ ራንታይም ደግሞ በጎ የተጻፈ ፕሮግራም ሁሉ የሚቆምበት መሠረት ስለ ሆነ፥ «ሰላም» ብቻ ብሎ የሚያትም ፕሮግራም እንኳ መሥራት አልቻለም። በየአገሩ ያሉ ሰዎች አዲሱ ዕትም ተሰብሮ ወጣ ብለው ከሠሪዎቹ ዘንድ አቤት አሉ። መልሱም አንድ ነበር፤ አሮጌውን ፎልደር ጨርሳችሁ አጥፉና እንደ ገና ጫኑ።

ይህ ማስጠንቀቂያ ዛሬም በመጫኛው መመሪያ ላይ በግልጽ ተጽፎ ይገኛል። መመሪያ ግን ማን ያነብባል? እኔ አላነበብሁም።

ያን ምሽት የሆነው ይህ ነው። የተማሪ ቤት ኢንተርኔት እንደሚታወቀው አንዴ አለ አንዴ የለም፤ ስለዚህ አዲሱን ዕትም ከሌላ ክፍል ተማሪ በፍላሽ ተቀብዬ መጣሁ። ለማቅረቢያው ቀን በአዲስ ዕትም መቅረብ ያምራል የሚል ሐሳብ ነበረኝ። (ማንም አልጠየቀኝም ነበር።) በእንግድነት የመጣውን በአሮጌው ላይ ፈታሁት። ከዚያም ፕሮግራማችንን ብናስነሣው «ይህ ስም በዚሁ ክፍል ውስጥ ሁለተኛ ጊዜ ተሰይሟል» የሚል ክስ ወረደብን፤ ክሱ ሁሉ የሚጠቅሰው የላይብረሪውን ፋይሎች ነው።

ከእኛ ጋር የነበረች አንዲት ልጅ፥ የፕሮግራሙን ዋና ክፍል የጻፈችው እርሷ ናት፥ ባለ አምስት መሥመር ትንሽ ፕሮግራም ጽፋ እንድንሞክር አሳሰበች። ሞከርን፤ ያም አልሠራም። እኔም «አያችሁ? ይኸው ተረጋገጠ፤ እኛ የጻፍነው ቀርቶ ‘ሰላም’ ማለት እንኳ አይችልም» አልሁ። ዛሬ ሳስበው የሚያሳፍረኝ ከሁሉ ይልቅ ይህ ነው። ያ ሙከራ የሚናገረው የተገላቢጦሹን ነበር። አንድ የጎ ዕትም ከመውጣቱ በፊት በልዩ ልዩ ኮምፒዩተሮች ላይ ይፈተናል። ከወጣም በኋላ በዚያው ቀን በብዙ አገር ይጫናል። «ሰላም» ማለት የማይችል ዕትም ወጥቶ ቢሆን ኖሮ ዓለም ሁሉ በዚያች ሰዓት ዲዳ በሆነ ነበር። እንከኑ ይበልጥ ግዙፍ በሆነ መጠን፥ ይበልጥ የሚጠረጠረው የራስ ቤት ነው። የላይብረሪ እውነተኛ እንከን እንዲህ በአደባባይ አይቆምም፤ በአንድ ጠባብ ማዕዘን፥ አልፎ አልፎ በሚያጋጥም ሁኔታ ተደብቆ ይገኛል።

ከዚያ በኋላ የተደረገውን በአጭሩ ልናገር። ፕሮግራሙን በሁለት ሌሊት በፓይተን እንደ ገና እንድንጽፈው ወሰንን፤ ወሰንን ማለት እኔ ወሰንሁ። ፓይተን የማውቀው እኔ ስለ ነበርሁ አብዛኛውን የጻፍሁት እኔ ነኝ። የልጅቱ የወራት ድካም ወደ ጎን ተጣለ። በማቅረቢያው ዕለት ከመምህራኑ አንዱ «ያንቺ ድርሻ የትኛው ነው?» ብለው ሲጠይቋት በመስተዋቱ ላይ የምታሳየው ነገር አልነበራትም። ማርኳ ከሁላችን አነሰ።

ተመርቄ አንድ መሥሪያ ቤት ከገባሁ በኋላ፥ እንዲያው ለወሬ ያህል ይህን ታሪክ የኮምፒዩተሮቹ ኃላፊ ለሆኑት ጎልማሳ አጫወትኋቸው። የላይብረሪውን እንከን ያገኘሁ ጀግና አድርጌ ነበር የማወራው። ጋሼ አቋረጡኝ።

«ልጄ፥ አሮጌውን አውጥተህ ነበር?»

«ምኑን፥ ጋሼ?»

«አሮጌውን ፎልደር። ከመፍታትህ በፊት አጥፍተኸው ነበር ወይ?»

ዝም አልሁ። እርሳቸውም ዝም አሉ፤ ሻያቸውን ጠጡ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የተባለው ለእኔ እንደ ሆነ ገባኝ። እንዴት ማወቅ እችል እንደ ነበር ብጠይቃቸው የነገሩኝ ቀላል ነው፤ የታሸገ ፋይል ሲፈታ ፋይሎቹ የየራሳቸውን ቀን እንደ ያዙ ይወጣሉ። ስለዚህ ስሙ በክሱ ውስጥ የተጠቀሰውን ፎልደር ከፍቶ በቀን ቅደም ተከተል መደርደር ነው፤ ጓደኞቹ ሁሉ የዘንድሮ ሲሆኑ እርሱ ብቻ የአምና የሆነ ፋይል ወዲያው ይታያል።

ከዚያ ወዲህ በባልደረቦቼ ጠረጴዛ ላይ የዚሁ ስሕተት ዘመዶች ሲያጋጥሙኝ ቆይተዋል። አንዱ የሁለት ጎዎች ነገር ነው። ኡቡንቱ 22.04 ከራሱ መጋዘን የሚሰጠው የጎ ዕትም 1.18 ነው። «ስላይስስ» የተባለው የላይብረሪ ክፍል ግን የገባው እ.ኤ.አ. በ2023 በወጣው በ1.21 ነው። ከአዲስ መጽሐፍ የሚማር ወጣት «ስላይስስ»ን ሲጠራ፥ «እንዲህ የሚባል ክፍል በጎሩት ውስጥ የለም» ይባላል፤ ጎሩት ማለት ቋንቋው የተጫነበት ዋናው ፎልደር ነው። ልጁም ላይብረሪው ጎዶሎ ነው ይላል። ነቄ ያለው ደግሞ አዲሱን ዕትም ያመጣና በሌላ ስፍራ ይጭናል፤ መልእክቱ ግን ያው ነው። ምክንያቱም ኮምፒዩተሩ ትእዛዝ የሚፈልግባቸው ስፍራዎች ተራ አላቸው፤ ፓዝ ይሉታል፤ በተራው ፊት ያለው አሮጌው ከሆነ አዲሱ ተጭኖም ሥራ ፈት ነው። «ጎ ቨርዥን» ብሎ መጠየቅ ዕትሙን፥ «ጎ ኢንቭ ጎሩት» ብሎ መጠየቅ ደግሞ ስፍራውን ይነግራል። ሁለቱ ጥያቄዎች አንድ ደቂቃ አይፈጁም።

ሌላው፥ የጎሩትን ስፍራ በእጅ ጽፎ ማስቀመጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ከወጣው ከ1.10 ወዲህ መሣሪያው ከተነሣበት ስፍራ ተነሥቶ ቤቱን ራሱ ያገኛልና ይህ ለአብዛኛው ሰው አያስፈልግም፤ ሆኖም በቆዩ ማስተማሪያዎች ውስጥ ስላለ ተማሪው ይገለብጠዋል፤ ከዓመት በኋላ አዲስ ኮምፓይለር በአሮጌ ቤት እየገባ «የእኔና የአንተ ዕትም አይገጥምም» ይላል።

ይህን ሁሉ ስል ሠሪዎቹ አይሳሳቱም ማለቴ አይደለም። ይሳሳታሉ። በሁለቱ ዐበይት ዕትሞች መካከል ስሕተትና የጸጥታ ቀዳዳ ለማረም ትናንሽ ዕትሞች የሚወጡት ለዚሁ ነው። እንከን አገኘሁ የሚል ሰው ይናገር ዘንድ «ጎ ባግ» የሚል ትእዛዝ እንኳ አዘጋጅተዋል፤ ትእዛዙም የአቤቱታውን ቅጽ ሲከፍት ዕትሙንና የአጫጫኑን ሁኔታ ራሱ ይሞላል። ሠሪዎቹ ከከሳሹ ቃል በፊት የከሳሹን ቤት ማየት ይፈልጋሉ ማለት ነው።

ከጋሼ ጋር ከተነጋገርን በኋላ ልጅቱ ጋ ለመደወል አንድ ሳምንት ፈጀብኝ። ዛሬ በአንድ መሥሪያ ቤት ትሠራለች። የሆነውን ሁሉ ነገርኋትና ይቅርታ ለመንኋት።

«ቀኑ አሮጌ የሆነ ፋይል እኮ ያን ማታ አይቼ ነበር» አለችኝ።

«ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?»

«ተናግሬ ነበር። ‘ጉግል የሠራውን አንቺ ልትመረምሪ ነው?’ አልኸኝ።»

አላስታውስም ነበር፤ ሳለች ግን አስታወስሁ። ያን የተጣለውን ሥራዋን አጥፍታው እንደ ሆነ ጠየቅኋት፤ አላጠፋችውም። ባለፈው ቅዳሜ ላከችልኝ። አሮጌውን ፎልደር ጨርሼ አጠፋሁ፤ አዲሱን ጫንሁ፤ ፕሮግራሟንም አንዲት መሥመር ሳልነካ አስነሣሁት። በመጀመሪያው ሙከራ ሠራ። እንደ ሠራ ብጽፍላት፥ «ዐውቃለሁ» ብላ ብቻ መለሰችልኝ።