በብሩክሊን የሚገኘው የዋይኮፍ የገበሬ ቤት

የኒውዮርክ ስም በተነሣ ቍጥር በሰው ልቡና ቶሎ የሚታየው ሰማይ ጠቀስ ሕንጻ ነው። ይሁን እንጂ በዚችው ከተማ፥ በብሩክሊን ወገን፥ ክላረንደን በሚባለው መንገድ ዳር፥ ጣራው ዝቅ ያለ አንድ የእንጨት የገበሬ ቤት ቆሟል። በአካባቢው ያሉት የመኪና መጠገኛ ጋራዦች ናቸው። ከእነርሱ መካከል ድንገት ብቅ ሲል፥ መንገደኛው መንገድ የሳተ ይመስለዋል። የዚህ ቤት የመጀመሪያ ክፍል የተሠራው እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1652 ገደማ ነው፤ ከከተማይቱም ቤቶች ሁሉ በዕድሜ የሚበልጠው እርሱ ነው ይባላል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው።

የቤቱ ጌታ ፒተር ክላሰን ይባል ነበር። ዛሬ የጀርመን ክፍል ከሆነው ከኦስትፍሪዝላንድ ተነሥቶ በ1637 በመርከብ ወደ አሜሪካ ሲሻገር ገና ልጅ እግር ነበረ። በዚያ ዘመን አገሩን የያዙት ሆላንዶች ነበሩ። ፒተርም ዛሬ ኦልባኒ በምትባለው ከተማ አቅራቢያ፥ ቫን ሬንሰላር በተባለ የአምስተርዳም ባለጸጋ ሰፊ ርስት ላይ ስድስት ዓመት ሊያገለግል በውል ገባ። ውሉ ሲፈጸም መሬት ተከራይቶ ለራሱ ማረስ ጀመረ፤ ግሪትዬ ቫን ኔስ የምትባል ሴት አገባ፤ 11 ልጆችም አፈሩ። በ1655 የግዛቱ ገዢ ፒተር ስታይቨሳንት በዚህ በብሩክሊን በኩል ያለውን እርሻና ከብት እንዲቈጣጠርለት ከእርሱ ጋር ተዋዋለ። ትናንት አገልጋይ የነበረው ሰው የገዢው ባለአደራ ሆነ ማለት ነው።

ክላሰን ማለት የክላስ ልጅ ማለት ስለሆነ፥ ስሙ እንደ እኛ አገር ልማድ በአባት የሚጠራ ነበር። እንግሊዞች በ1664 ግዛቱን ከያዙ በኋላ ግን ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ የቤተሰብ ስም ያስፈልግ ጀመርና ዋይኮፍ የሚለውን ስም ያዘ።

ያ የመጀመሪያው ቤት አንድ ክፍል ብቻ ነበረ። ወለሉ የተደለደለ አፈር፥ መስኮቱም መስተዋት የሌለው ነበር፤ በወዲህና በወዲያ በር ነበረው፤ ምግብ የሚበስልበትና ብርድ የሚመለስበት አንድ ትልቅ ምድጃ ነበረው። አንባቢው የባላገር ጎጆ ቢያስብ ብዙ አይሳሳትም። ዛሬ የምናየው ሰፊው ቤት የተገኘው በ1740 ገደማና በ1819 በተጨመሩት ክፍሎች ነው።

ታዲያ ቤቱና እርሻው እንዲህ የሰፋው በማን ጕልበት ነው? እዚህ ላይ ነገሩ ይከብዳል። ከውል አገልጋይ የተወለደው ቤተሰብ በኋላ ዘመን የሰው ባሪያ ገዝቶ የሚያሠራ ሆነ። ይህም የዋይኮፎች ብቻ ነውር አልነበረም፤ ብሩክሊን ባለችበት በኪንግስ አውራጃ በ1790 በተደረገው ቈጠራ፥ ከሦስት ነዋሪ አንዱ ያህል ባሪያ ነበረ። በኒውዮርክ ባርነት ፈጽሞ የቀረው በ1827 ነው። ፒተር ከባሕር ማዶ የመጣው ለስድስት ዓመት ነበር፤ ከአፍሪካ የመጡት ግን ውል አልነበራቸውም፥ ዓመታቸውም አይቈጠርም ነበር። ስደተኛ ቤተሰብ በላቡ የሠራው ቤት ነው ብሎ ብቻ ማለፍ፥ በእኔ አስተያየት፥ ታሪኩን በግማሽ መተው ነው። ሙዚየሙም ስለ እነዚህ ሰዎች ለጎብኚ መናገሩ የሚመሰገን ነው።

ቤቱ እስከ 1901 ድረስ ከቤተሰቡ እጅ አልወጣም። ከዚያ በኋላ ዙሪያውን መንገድና ሕንጻ እየገፋ መጣ። በ1961 የቤተሰቡ ተወላጆች ያቋቋሙት ማኅበር መልሶ ገዛው። በ1963 የታወቀው የፔንሲልቬንያ ባቡር ጣቢያ መፍረስ ሲጀምር ሕዝብ በጣም ስላዘነ፥ ከተማይቱ በ1965 የቅርስ መጠበቂያ ሕግ አወጣች፤ በዚያም ዓመት በቅርስነት በተመዘገቡት ዝርዝር ቍጥር 1 የተሰጠው ይኸው የገበሬ ቤት ነው። እንግዲህ ከታላላቆቹ ሕንጻዎች ቀድሞ የተጻፈው የአፈር ወለል የነበረው ጎጆ ነው። በ1969 ማኅበሩ ለከተማይቱ አስረከበው፤ ከታደሰም በኋላ በ1982 ሙዚየም ሆኖ ተከፈተ።

በግቢው ዛሬም አትክልት ይተከላል። የሰፈሩ ነዋሪዎች አብዛኞቹ ከሃይቲ፥ ከጃማይካ፥ ከትሪኒዳድና ከሌሎች የካሪቢያን ደሴቶች የመጡ ሰዎችና ልጆቻቸው ናቸው። የአገራቸውን ቋንቋና ቅመም ይዘው መጥተው፥ ከሦስት መቶ ሰባ ዓመት በፊት አንድ ሌላ ስደተኛ በተከለው አጥር አጠገብ ሠፍረዋል። ወደዚያ የሚዘልቅ እንግዳ ባማረው ሳሎን አይጀምር፤ ከሁሉ አስቀድሞ ምድጃው ካለበት ከአነስተኛው ክፍል ይግባና፥ በዚያ እሳት ዳር እነማን እንደ ሠሩ አስጐብኚውን ይጠይቅ።