የጓሮ አጥር በደምበጫና በአካባቢው

ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ በደምበጫ በኩል ወደ ፍኖተ ሰላምና ወደ ቡሬ የሚጓዝ መንገደኛ በበጋ ወራት ሁለት የማይመሳሰሉ ነገሮችን ጎን ለጎን ያያል። የእህሉ ማሳ አዝመራው ከተሰበሰበ በኋላ፣ እዚህም እዚያም ከቆሙት ጥቂት ዋንዛና ብሳና በቀር፣ ባዶ ሆኖ ይታያል፤ መኖሪያ ቤቶቹ ግን በለመለመ ተክል ተከበው ጣራቸው ብቻ ብቅ ብሎ ይገኛል። ይህን ያየ ሰው ገበሬው ዛፍ የመትከል ልማድ የለውም ወደሚል አስተያየት ሊያዘነብል ይችላል። ዳሩ ግን ማሳውን ባዶ የተወው ገበሬና ጓሮውን በዛፍ ያጠረው ገበሬ አንድ ሰው ነው። ስለዚህ የልዩነቱን ምክንያት በዕውቀት ማነስ ሳይሆን በከብት አሰማራርና በመሬት ይዞታ ሥርዓት ውስጥ መፈለግ ይገባል።

እህል በማሳ ላይ ሳለ ማሳው የባለቤቱ ነው፤ ከብቱ ገብቶ ያጠፋበትም ሰው ካሣ ይጠየቃል። እህሉ ታጭዶ ከተነሣ በኋላ ግን በልማዱ መሠረት ቅሪቱን የመንደሩ ከብት በጋራ ይግጠዋል። በሐምሌ ዝናም የተተከለ ችግኝ ገና ሥሩን ሳያጸና በታኅሣሥና በጥር ከብት ይደርስበታል። እንግዲህ ከዓመት እስከ ዓመት የሚቆም ተክል ሊያድግ የሚችለው አጥር ባለበት ቦታ ብቻ ነው። አጥሩ ሌባንና አውሬን ከመከልከሉም በላይ፣ በጋራ የሚገባበትን ምድር የአንድ ቤተሰብ ብቻ ከሆነው ምድር የሚለይ ወሰን ነው።

አጥር በሁለት ይከፈላል፤ አንደኛው የደረቅ አጥር፣ ሁለተኛው የተክል አጥር ነው። የደረቅ አጥር ከተቆረጠ እንጨትና እሾህ የሚሠራ ሲሆን ቶሎ ይቆማል፤ ይሁን እንጂ ምስጥና ዝናም ስለሚያበላሹት በየጊዜው መታደስ ያስፈልገዋል፤ ለዚህም ብዙ እንጨትና ድካም ይጠይቃል። የተክል አጥር እስኪጠና ድረስ ዓመታት ይፈጃል፤ ከጠና በኋላ ግን ራሱን በራሱ ይተካል። ስለዚህ ብልህ ገበሬ የደረቁን አጥር ከውጭ አቁሞ፣ ከውስጥ በኩል ሕያዉን ይተክላል፤ ውስጠኛው ሲጠና ውጫዊው ይበሰብሳል፣ ወይም ለማገዶ ይውላል።

ለአጥር የሚመረጡት ዕፀዋት እንደ ጠባያቸው ይለያያሉ። ቁልቋልና ቅንጭብ ወተት መሰል ፈሳሻቸው መርዛም ስለሆነ ከብት አይደፍራቸውም። ፈሳሹ ዓይንን ክፉኛ ስለሚጎዳ ቆራጩ ፊቱን ይጠብቃል፤ የተቆረጠውም ግንድ ቁስሉ እስኪደርቅ ጥቂት ቀናት በጥላ ሥር ቆይቶ ይተከላል፤ አለዚያ ይበሰብሳል። ቀጋ፣ አጋምና ኮሽም በእሾሃቸው ይከለክላሉ፤ ፍሬያቸውንም እረኞችና ልጆች ይበሉታል። ሰንሰል፣ ስሚዛም የሚባለው፣ እሾህ ባይኖረውም ቅርንጫፉ ተቆርጦ ቢተከል በቀላሉ ይጸድቃል፤ ጥቅጥቅ ብሎም ያድጋል፤ ነጭ አበባውን ንብ ይቀስመዋል። ኮርችም እንዲሁ በቁራጭ ይተከላል።

የተከላው ጊዜ ዝናሙ ከጸና በኋላ፣ ከሰኔ እስከ ሐምሌ ነው። ቁራጮቹ እርስ በርሳቸው ተቀራርበው በመስመር ይተከላሉ፤ የደረቀው በሚቀጥለው ክረምት በሌላ ይተካል። ከሁሉ የሚበልጠው ጥበብ ምልመላው ነው። ያልተመለመለ አጥር ወደ ላይ ይሮጥና ከታች ይሳሳል፤ ከታች የሳሳም አጥር ለበግና ለፍየል በር ይሆናል። በጊዜው የተመለመለ ግን ከሥሩ ጀምሮ ያቆጠቁጣል። የተመለመለው ቅርንጫፍ ደግሞ ግማሹ ለማገዶ፣ ግማሹ ለአዲስ ተከላ ይሆናል።

በአጥሩ ውስጥ ያለው ጓሮ በአብዛኛው በሴቶች እጅ የሚጠበቅ ነው። ለጠላና ለጠጅ የሚሆነው ጌሾ፣ ጎመን፣ ጤና አዳም፣ በሶብላና በዚህ አገር የታወቀው በርበሬ መደብ የሚገኙት በዚያ ነው። አጥሩ በአንድ ቦታ ቢፈርስ ጉዳቱ ፈጥኖ በማጀት ይታወቃል፤ ለብዙ ዓመት የተጠበቀ ጌሾ በአንድ ከሰዓት በኋላ ሊጠፋ ይችላልና።

የአጥርን ታሪክ ከመሬት ይዞታ ታሪክ መለየት አይቻልም። በቀድሞው የጎጃም ሥርዓት ርስት የሚገኘው ከአቅኚ አባት በመወለድ ስለነበረ፣ በእናትም ሆነ በአባት በኩል ትውልዱን ቆጥሮ የሚከራከር ሰው አይጠፋም ነበር። ክርክር ሊነሣበት በሚችል እርሻ ላይ ዛፍ መትከል ለሌላ ሰው መድከም ሊሆን ይችላል፤ የጓሮ ዛፍ ግን ዕድሜው በጎረቤት ዘንድ የታወቀ ስለሆነ ራሱ እንደ ምስክር ይቆማል። በ1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት አደረገ። በ1970ዎቹ መጨረሻ ደግሞ የመንደር ምሥረታ በጎጃምም ሲካሄድ ብዙ ቤተሰቦች ከቀድሞ ጓሯቸው ተነሥተው ባልታጠረ አዲስ ቦታ ሰፈሩ። ቤት በጥቂት ወራት ሊሠራ ይችላል፤ የጠና አጥር ግን ከባለቤቱ ጋር አይጓዝም። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በአማራ ክልል የተሰጠው የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር የአዋሳኞችን ስም ስለሚይዝ፣ ቀድሞ አጥሩ ብቻውን ይሰጠው የነበረው ምስክርነት ዛሬ በጽሑፍም ተደግፏል።

በአሁኑ ዘመን ለውጥ ያመጣው ባሕር ዛፍ ነው። በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን ወደ ኢትዮጵያ የገባው ይህ ዛፍ በምዕራብ ጎጃም ለሽያጭ በሰፊው ይተከላል። ቅጠሉን ከብት ስለማይበላው ያለ አጥር ያድጋል፤ የተስፋፋበትም አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ይሁን እንጂ ሥሩ የጎረቤትን ማሳ ውኃ ስለሚስብ ጥላውም እህሉን ስለሚያቀጭጭ በአዋሳኞች መካከል ጠብ ያስነሣል፤ ሥሩን ለማገድ በወሰኑ ላይ ቦይ የሚቆፍሩም አሉ። የቀጋና የሰንሰል መስመር ተነቅሎ በባሕር ዛፍ ረድፍ ሲተካ ባለቤቱ ገንዘብ ያገኛል፤ ነገር ግን ከግንዱ በታች ያለው ክፍት ስለሚሆን ጓሮው መከለያውን ያጣል።

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ማሳ በዛፍ እንዲለማ የሚፈልግ ሁሉ ችግኝ ከማደሉ በፊት፣ በጥር ወር በዚያ ማሳ ላይ የማን ከብት እንደሚሰማራና የተካዩ ይዞታ ምን ያህል የጸና እንደሆነ ሊጠይቅ ይገባል። የደምበጫ ገበሬ ለዚህ ጥያቄ በጓሮው አጥር አማካይነት መልስ ሰጥቶበታል።