ገንዘቡን የሚልከው ባለቤቱ ነው፦ የኢንተርኔት ማጭበርበር ለምን አልገታ አለ?

እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ላይ በሆንግ ኮንግ ለሚሠራ አንድ የፋይናንስ ሠራተኛ፣ እንግሊዝ አገር ካለው የኩባንያው የፋይናንስ ኃላፊ የተላከ የሚመስል መልእክት ደረሰው። በምስጢር የሚፈጸም ክፍያ አለ ይላል። ሠራተኛው ጠረጠረ። ጥርጣሬው የለቀቀው የቪዲዮ ስብሰባ ተጠርቶ ሲገባ ነው። ኃላፊውን አየ፤ ሌሎች የሚያውቃቸውን ባልደረቦቹንም አየ፤ ድምፃቸውንም ሰማ። ከዚያ በ15 ጊዜ፣ ወደ 5 የባንክ ሂሳቦች፣ በድምሩ 200 ሚሊዮን የሆንግ ኮንግ ዶላር አስተላለፈ። ይህ ወደ 25 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ይጠጋል። በኋላ ዋናውን መሥሪያ ቤት ሲጠይቅ፣ በዚያ ስብሰባ ላይ ከእሱ በቀር እውነተኛ ሰው እንዳልነበረ ታወቀ። ገንዘቡን ያጣው ኩባንያ በሲድኒ ኦፔራ ሐውስ ምሕንድስና ስሙ የሚነሳው አሩፕ ነው።

ፖሊስ እንደገለጸው አጭበርባሪዎቹ ቀደም ሲል በይፋ የወጡ ቪዲዮዎችን ተጠቅመዋል። ሠራተኛውን ራስህን አስተዋውቅ አሉት እንጂ ብዙም አላነጋገሩትም። ትእዛዙን ሰጥተው ስብሰባውን በድንገት ቋጩት። ተንኮሉ የሠራው አለቃ ሲያዝዝ መሀል ገብቶ መጠየቅ ስለሚከብድ ነው። እንዲህ ያለ ወሬ ስንሰማ «ሰው እንዴት እንዲህ ይሞኛል?» እንላለን። ይልቅ መጠየቅ ያለብን፣ ባንኩም፣ ቴሌውም፣ ፖሊሱም እያሉ ነገሩን ማስቆም ለምን አቃተ የሚለውን ነው።

ድምፅ እንዴት ይቀዳል?

ድምፅ የሚያስመስል ፕሮግራም በመጀመሪያ የብዙ ሺህ ሰዎችን ንግግር ሰምቶ፣ የሰው ድምፅ በጥቅሉ እንዴት እንደሚወጣና እንደሚወርድ፣ ትንፋሽ የት ላይ እንደሚወሰድ ይማራል። ከባዱና ውዱ ሥራ ይሄ ነው፤ የሚሠራው ግን አንዴ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ የአንድን ሰው ድምፅ ለመምሰል የሚቀረው፣ ያንን ድምፅ ከሌላው የሚለዩትን ባሕርያት መለካት ነው፤ ቅጥነቱን፣ ጉርናቱን፣ የአነጋገር ፍጥነቱን። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2023 ይፋ ያደረገው ቫል-ኢ የተባለ ሞዴል በ60,000 ሰዓት የእንግሊዝኛ ንግግር የሠለጠነ ነው። ሰምቶት የማያውቀውን ሰው ለመምሰል ግን የ3 ሰከንድ ቅጂ ይበቃዋል። በቲክቶክ አንድ ሰላምታ ለማቅረብ የሚፈጀው ጊዜ ማለት ነው።

ጆሯችንስ አይለይም? የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2023 ባሳተሙት ጥናት 529 ሰዎች እውነተኛውን ድምፅ ከሐሰተኛው እንዲለዩ ተጠይቀው፣ ሐሰተኛውን የለዩት 73 በመቶ ያህል ጊዜ ብቻ ነው። ቀድሞ ናሙና ማሰማቱም ያመጣው ለውጥ ትንሽ ነበር። እነዚህ ሰዎች ሐሰተኛ ድምፅ ለማደን ብለው በጥሞና የተቀመጡ ናቸው። ልጁ ታሰረ ወይም ታመመ ተብሎ በድንጋጤ ስልክ የሚያዳምጥ ሰው ከዚህ በታች ቢሆን አይገርምም። የስልኩ መስመርም አስመሳዩን ያግዛል። የተለመደው የስልክ መስመር የሚያስተላልፈው ከ300 እስከ 3,400 ኸርዝ ያለውን ድምፅ ብቻ ስለሆነ፣ ሐሰተኛነቱን ሊያጋልጡ የሚችሉ ረቂቅ ምልክቶች መንገድ ላይ ይቀራሉ።

99 በመቶ ለምን አይበቃም?

«ታዲያ ማሽኑን በማሽን መያዝ ነው» ይባል ይሆናል። ባንኮች አጠራጣሪ ዝውውር የሚለይ ሶፍትዌር አላቸው። ችግሩ ስሌቱ ላይ ነው። አንድ ባንክ በቀን አንድ ሚሊዮን ዝውውር ያስተናግዳል፣ ከእነዚህም 100ው የማጭበርበር ናቸው እንበል። ሶፍትዌሩ 99 በመቶ ትክክል ቢሆን ከ100ው 99ኙን ይይዛል። ነገር ግን ከቀሩት 999,900 ንጹሕ ዝውውሮችም 1 በመቶውን፣ ማለትም 10,000 ያህሉን በስህተት ያግዳል። ስለዚህ አንድ አጭበርባሪ ለመያዝ መቶ ያህል ንጹሕ ደንበኛ ይጉላላል። ለሐኪም የሚልክ፣ የቤት ኪራይ የሚከፍል፣ ለሠራተኞቹ ደመወዝ የሚያስገባ ሰው ሁሉ በየቀኑ ቢታገድ ባንኩን ጥሎ ይሄዳል። ባንኩም ይህን ስለሚያውቅ ቁጥጥሩን ያላላል።

ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ዝውውሩ በአሠራር ረገድ እንከን የሌለው መሆኑ ነው። አገራችን ውስጥ የተለመደውን ጥሪ እንይ። «እናቴ፣ እንኳን ደስ አለዎት፤ ከቴሌ ነው የምደውለው። ሽልማት ወጥቶልዎታል። አሁን በመልእክት የገባውን ቁጥር ቢያነቡልኝ…» ቁጥሩ የገባው ደዋዩ ወደ እናትየዋ ሂሳብ ለመግባት ስለሞከረ ነው። እሳቸው ሲያነቡለት፣ ሲስተሙ የሚያየው ትክክለኛውን የማረጋገጫ ቁጥር ያስገባ ባለሂሳብ ነው። በሩ አልተሰበረም፤ ሲስተሙም የሚጮህበት ምክንያት የለውም። ሆንግ ኮንግ ላይም እንዲሁ ነው፤ ማንም የባንኩን ኮምፒውተር አልሰበረም፤ ክፍያውን የፈጸመው ሥልጣኑ ያለው ሠራተኛ ነው።

ውሸት ሲረክስ

የማይክሮሶፍት ተመራማሪው ኮርማክ ኸርሊ እ.ኤ.አ. በ2012 አንድ ደስ የሚል ጥያቄ አንሥቶ ነበር። በኢሜይል «ውርስ ደርሶሃል» እያሉ የሚጽፉ አጭበርባሪዎች ወሬያቸውን ለምን ይበልጥ የሚታመን አያደርጉትም? የሰጠው መልስ የሒሳብ ነው። ኢሜይሉን ለሚሊዮኖች መላክ ርካሽ ነው፤ መልስ ከሰጠው ሰው ጋር ለሳምንታት መጻጻፍ ግን ጊዜ ይበላል። ስለዚህ ተጠራጣሪው ገና ከጅምሩ ስቆ እንዲያልፍ፣ መልስ የሚሰጠው በቀላሉ የሚያምነው ብቻ እንዲሆን ማድረግ ያዋጣቸዋል። የማይታመነው ወሬ ወንፊት ነበር።

ሰው ሠራሽ አስተውሎት የለወጠው ይህንን ስሌት ነው። ዛሬ መጻጻፉን ፕሮግራም ይሠራዋል፤ አይደክምም፣ አይሰለችም፣ በአንድ ጊዜ ከብዙ ሰው ጋር ያወራል። ወንፊቱ አላስፈላጊ ስለሆነ ተጠራጣሪውም፣ የተማረውም፣ ጥንቁቁም ዒላማ ውስጥ ገባ። እኛን ደግሞ ቋንቋችን ራሱ እንደ አጥር ሲከላከልልን ቆይቷል፤ የተሰባበረ አማርኛ የሚጽፍ «የባንክ ሠራተኛ» ወዲያው ይነቃበት ነበር። አሁን ግን ያው ፕሮግራም በአማርኛም ስለሚጽፍ አጥሩ እየሳሳ ነው።

ከጀርባው ያለው ሰው

ይህ ሁሉ ሲሆን ሰው ከሥራው ጨርሶ አልወጣም። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የሰብዓዊ መብት ቢሮ እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት፣ በምያንማር ቢያንስ 120,000፣ በካምቦዲያ ደግሞ 100,000 ያህል ሰዎች ተገደው በኢንተርኔት ማጭበርበር ሥራ ላይ ሳይሰማሩ እንዳልቀረ ገምቷል። በየካቲት 2017 ዓ.ም. ከምያንማር የማጭበርበር ካምፖች ተለቀው ወደ ታይላንድ ከተሻገሩት 260 ያህል ሰዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ጥሩ ሥራ አለ ተብለው የሄዱ ወጣቶች በአጥር ውስጥ ተዘግተው፣ ኮታ እየተሰጣቸው፣ ካልሞሉ እየተደበደቡ የማያውቁትን ሰው ሲያታልሉ ከርመዋል።

ሕግ የሚሰናከለውም እዚህ ላይ ነው። ተጎጂው አንድ አገር፣ ደዋዩ ሌላ አገር፣ ገንዘቡን የተቀበለው ሂሳብ ሦስተኛ አገር ሊሆን ይችላል። የዚያ ሂሳብ ባለቤትም ብዙ ጊዜ ጥቂት ገንዘብ ተከፍሎት ስሙን ያከራየ ሰው ነው። ብሩ በደቂቃዎች ከአንዱ ወደ ሌላው ተዛውሮ ወይ ወደ ክሪፕቶ ይቀየራል፣ ወይ በጥሬው ይወጣል። የፖሊስ የትብብር ደብዳቤ ግን ከአገር አገር ለመድረስ ወራት ይፈጃል።

ምን ያዋጣል?

መልሱ ሐሰተኛን በዓይንና በጆሮ በመለየት ላይ ብቻ ሊጣል አይችልም። ገንዘቡ በሚያልፍበት መንገድ ላይ መቆም ይሻላል። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 7 ቀን 2024 ጀምሮ፣ ተታልሎ ገንዘብ ለላከ ደንበኛ እስከ 85,000 ፓውንድ እንዲመለስለት አስገድዳለች፤ ወጪውን የሚጋሩት ላኪው ባንክና ተቀባዩ ባንክ እኩል ለእኩል ነው። ጥቅሙ ተቀባዩ ባንክም ለማን ሂሳብ እንደሚከፍት እንዲጨነቅ ማድረጉ ነው። ቴሌብር ሥራ ከጀመረበት ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ወዲህ በስልክ መክፈል በለመደችው አገራችንም፣ ለማይታወቅ ተቀባይ የሚላክ ትልቅ ገንዘብ ለጥቂት ሰዓታት እንዲቆይ ቢደረግ፣ ኪሳራውም የተጎጂው ብቻ ባይሆን፣ ተቋማቱ ራሳቸው ዘበኛ ይሆናሉ።

እስከዚያው አንድ ልማድ ይኑረን። አጭበርባሪ ሁሉ የሚሸጠው ጥድፊያ ነው፤ ሲሮጡ የታጠቁት ደግሞ ሲሮጡ ይፈታል። ልጅም ይሁን አለቃ፣ ባንክም ይሁን ቴሌ፣ በስልክ ገንዘብ ወይም ቁጥር ቢጠይቃችሁ ስልኩን ዝጉና ቀድሞ በምታውቁት ቁጥር ራሳችሁ መልሳችሁ ደውሉ። በውጭ አገር ያላችሁም፣ ከቤተሰብ የመጣ አስቸኳይ የብር ጥያቄ ሲደርሳችሁ ከመላካችሁ በፊት ለሁለተኛ ዘመድ ደውላችሁ አረጋግጡ። የማረጋገጫ ቁጥራችሁን ግን ለማንም አትስጡ፤ እውነተኛ የባንክ ሠራተኛ በስልክ አይጠይቃችሁም።