ያለፈውን በእንግሊዝኛ መናገር፦ የፓስትና የፐርፌክት ቴንሶች ልምምድ ሲዳሰስ

እንግሊዝኛን ለዓመታት ተምረው ፓስትና ፐርፌክት ቴንስ ላይ ሲደርሱ የሚደናገሩ ሰዎች ብዙ ናቸው። የግሶቹን ሰንጠረዥ በቃላቸው ይወጡታል፤ ሲጽፉና ሲናገሩ ግን የትኛውን መቼ እንደሚመርጡ ይቸግራቸዋል። ችግሩ ያለው ከቅርጹ ይልቅ በምርጫው ላይ ነው። ልምምዱም በአብዛኛው የሚያተኩረው ቅርጹ ላይ ስለሆነ ድካማቸው የሚገባውን ያህል ፍሬ አያፈራም።

ከቅርጹ እንጀምር። አብዛኞቹ የእንግሊዝኛ ግሶች ያለፈ ጊዜን የሚያሳዩት መጨረሻቸው ላይ አንድ ዓይነት ቅጥያ በመጨመር ነው። የቅጥያው አጻጻፍ አንድ ቢሆንም ድምፁ ሦስት ነው፦ «ወርክት» ላይ «ት»፣ «ፕሌይድ» ላይ «ድ»፣ «ዎንቲድ» ላይ «ኢድ»። ከደንቡ የወጡት ግሶች ደግሞ የራሳቸው ታሪክ አላቸው። እ.ኤ.አ. በ2007 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት የወጣ ጥናት በጥንታዊው እንግሊዝኛ ከነበሩ 177 ኢሬጉላር ግሶች እስከ ዛሬ ከደንቡ ውጭ ሆነው የዘለቁት 98 መሆናቸውን አሳይቷል። ዘወትር የሚነገሩት ጸንተው ቆዩ፤ እምብዛም የማይነገሩት ቀስ በቀስ ወደ ደንቡ ገቡ። ለተማሪው ይህ መልካም ዜና ነው፦ «ዌንት»፣ «ሶው»፣ «ቱክ» የመሳሰሉት አስቸጋሪ ግሶች በየቀኑ የሚሰሙ ስለሆኑ ከሰንጠረዥ ይልቅ ከዓረፍተ ነገር ጋር ሲለመዱ ይጸናሉ።

የቴንሶቹን ትርጉም በጥሩ ሁኔታ ካብራሩት አንዱ ፈላስፋው ሃንስ ራይከንባክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1947 ባሳተመው መጽሐፍ ቴንስን በሦስት ነጥቦች ገለጸ፦ የምንናገርበት ጊዜ፣ ድርጊቱ የተፈጸመበት ጊዜ፣ ድርጊቱን የምናይበት ጊዜ። በሲምፕል ፓስት ድርጊቱም የምናይበት ጊዜም ያለፈው ውስጥ ናቸው። በፕረዘንት ፐርፌክት ድርጊቱ ቢያልፍም የምናየው ከአሁን ላይ ቆመን ነው። በፓስት ፐርፌክት ደግሞ ያለፈ ጊዜ ላይ ቆመን ከዚያ በፊት የሆነውን ወደ ኋላ እናያለን።

አንድ ምሳሌ ቀረብ አድርገን እንይ። «ዌን አይ ሪችት ዘ ስቴሽን፣ ዘ ባስ ሌፍት» ያለ ሰው እሱ ሲደርስ አውቶቡሱ ተነሣ ማለቱ ነው። «ሃድ ሌፍት» ካለ አውቶቡሱ አምልጦታል። «ዋዝ ሊቪንግ» ካለ ግን አውቶቡሱ ገና እየተንቀሳቀሰ ነው፤ ቢሮጥ ይደርስበት ይሆናል። የተቀየረው ግሱ ብቻ ነው፤ ሰውየው ያለበት ሁኔታ ግን በሦስቱም የተለያየ ነው።

አማርኛ ተናጋሪ ለዚህ ትምህርት ባዶ እጁን አይመጣም። «በላ»፣ «በልቷል»፣ «በልቶ ነበር» የምንለው ከሦስቱ የእንግሊዝኛ ቴንሶች ጋር ይቀራረባል። መሰናክሉም ያለው እዚሁ መቀራረብ ላይ ነው። በአማርኛ «ትናንት መጥቷል» ቢባል ያስኬዳል፤ በእንግሊዝኛ ግን ትናንት ከተጠቀሰ «ሂ ሃዝ ካም» አይሆንም፣ «ሂ ኬም» ነው። «ትናንት ባንክ ሄጄ ነበር» የሚለውን «ሃድ ጎን» ብሎ መተርጎምም የተለመደ ስሕተት ነው፤ ከሌላ ያለፈ ድርጊት ጋር ካልተነጻጸረ «ዌንት» ይበቃዋል። «እዚህ መሥራት ከጀመርኩ አምስት ዓመቴ ነው» ለማለት ደግሞ ብዙዎች «አይ አም ወርኪንግ» ይላሉ፤ የሚያስፈልገው «አይ ሃቭ ቢን ወርኪንግ» ነው፤ ሥራው ያኔ ተጀምሮ እስከ አሁን የዘለቀ ነውና።

አገርም ለውጥ ያመጣል። አሜሪካ የሚኖር ሰው «ዲድ ዩ ኢት ዬት?» ሲባል ይሰማል፤ የእንግሊዝ ሰዎች እዚሁ ቦታ ላይ በአብዛኛው «ሃቭ ዩ ኢትን ዬት?» ይላሉ። ሁለቱም በየአገራቸው ትክክል ናቸው።

ወደ ልምምዱ ስንመጣ፣ በዓለም ዙሪያ ከታወቁት የመልመጃ መጻሕፍት አንዱ እ.ኤ.አ. በ1985 ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመው የሬይመንድ መርፊ «ኢንግሊሽ ግራመር ኢን ዩዝ» ነው። በግራ ገጽ ማብራሪያ፣ በቀኝ ገጽ መልመጃ የያዘው አቀራረቡ ለብቻው ለሚያጠና ሰው ይመቻል። የባዶ ቦታ ሙላ ጥያቄዎች ግን በራሳቸው ገደብ አላቸው። ተማሪው «የስተርደይ» ወይም «ሲንስ» የሚል ቃል ሲያይ መልሱን ይገምታል፤ ምርጫውን ያደረገለት ጠቋሚው ቃል ነው። የራሱን ታሪክ ሲጽፍ ጠቋሚ አያገኝም። በቋንቋ ለመዳ ጥናት የተደጋገመ ሌላም ግኝት አለ፦ ተማሪዎች ያለፈ ጊዜን ቀድመው የሚያሳዩት እንደ መድረስና መስበር ባሉ በአንዴ በሚያበቁ ድርጊቶች ላይ ነው፤ እንደ ማወቅና መፈለግ ባሉት ላይ ይዘገያሉ። ስለዚህ መልመጃው ሁለቱንም ዓይነት ማካተት አለበት።

ምርጫን የሚያስተምረው የተያያዘ ጽሑፍ ነው። የእንግሊዝኛ ዜና ብዙ ጊዜ በፕረዘንት ፐርፌክት ይከፈትና ወደ ዝርዝሩ ሲገባ ወደ ሲምፕል ፓስት ይዞራል፤ ግሶቹን እያሰመሩ ማንበብ ይህን መታጠፊያ ያሳያል። ከዚህም የሚበልጥ ልምምድ በታሪካችን ውስጥ አለ። የ1888 ዓ.ም.ን የዓድዋ ዘመቻ በቅደም ተከተሉ ጻፉ፦ በመስከረም የክተት አዋጁ፣ በኅዳር አምባላጌ፣ በጥር የመቀሌ ከበባ፣ የካቲት 23 ዓድዋ። ሲምፕል ፓስት ብቻውን ይበቃችኋል። ከዚያ ያንኑ ታሪክ ከየካቲት 23 ማለዳ ጀምራችሁ ወደ ኋላ እየተመለሳችሁ እንደገና ጻፉት። አዋጁ፣ አምባላጌና መቀሌ አሁን ፓስት ፐርፌክት ይጠይቃሉ። ድርጊቶቹም ቀኖቹም አልተቀየሩም፤ የተቀየረው የተራኪው መቆሚያ ነው።

መምህራንም ቢሆኑ ተማሪው ሲሳሳት ትክክለኛውን ግስ ከመንገር አስቀድመው «ይህን የምታየው ከየትኛው ጊዜ ላይ ቆመህ ነው?» ብለው ቢጠይቁት ይሻላል። ይህን ጥያቄ ራሱን መጠየቅ የለመደ ተማሪ ሰንጠረዡ አጠገቡ ባይኖርም ትክክለኛውን ቴንስ ይመርጣል።